ስለ ቅዳሜው ሥራና ስለ አላባማው ጉዞ

ወንድሞች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ እደላ አለን። ባለፈው ካርቶን የተሸከምነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። ወገቤ እስካሁን ይናገራል፤ እባካችሁ ብቅ በሉ።

ከሥራው በኋላ ቡና እየጠጣን አላባማ ውስጥ ወዳለችው ሄይንቪል ስለምናደርገው ጉዞ እናወራለን። ጆናታን ዳንኤልስን ታስታውሱታላችሁ፤ ነጭ ነበር፣ የኤፒስኮፓል (የአሜሪካ አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን የሴሚናሪ ተማሪ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1965 የ17 ዓመቷን ጥቁር ወጣት ሩቢ ሴልስን ገፍቶ ወደ እሷ የተተኮሰውን ጥይት ለራሱ ተቀበለ፤ እዚያው ሄይንቪል ሞተ። ገና 26 ዓመቱ ነበር። ገዳዩን ዳኝነት የተቀመጡ 12 ነጭ ወንዶች በነጻ ለቀቁት። የምንሄድበት የእሱ መታሰቢያ ቅዳሴ የሚደረገው እዚያው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ስለ ዕርቅ ብዙ አውርተናል፤ እኔን ግን እዚያ ክፍል ገብቶ መቁረቡ ነው የሚከብደኝ። ለዚህም ነው አብረን እንድንሄድ የምፈልገው።

በእኔ መኪና ሦስት ሰው ይገባል።