ፖስት ፒልና የዋርድ መርፌ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የጤና ተማሪ ስለ ኤችአይቪ ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ የሚመክረው የለም። እሱም ጓደኛውን በመልክና በወዝ «መርምሮ» ኮንዶሙን ይተዋል። ለቅዳሜ ማታው ጥድፊያ እሁድ ጠዋት ፖስት ፒል ይገዛና ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ ክኒኑ ግን እርግዝናን እንጂ ቫይረሱን አይከላከልም። በማግስቱ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ማለትም ራስን ማታለል ነው፤ ፈጣን ምርመራው የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ስለሆነ፣ እነሱም እስኪታዩ ሳምንታት ስለሚወስዱ፣ በ3ኛው ወር መድገም ግድ ነው።

ተማሪው በሚለማመድበት ዋርድ (የሆስፒታል አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል) ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያገለገለ መርፌን ክዳን በሁለት እጅ ለመመለስ ሲሞከር ጣት ይወጋል። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን (ሴፍቲ ቦክስ) ሦስት አራተኛው ሞልቶ ካልተቀየረም እንዲሁ። የተወጋውን ጣት መጭመቅና በረኪና ማፍሰስ (ዛሬም የሚያደርጉት አሉ) ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ማሳወቅ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ቢቻል በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ 72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ተማሪው ግን ቁጣ ፈርቶ ጓንቱን ቀይሮ ዝም ይላል፤ ሰዓቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ክፍሎች ተማሪ ዋርድ ሳይገባ፣ መድኃኒቱ ሌሊት የት እንደሚገኝና ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡት።