ዓይኔን ለጠበቃችሁልኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ የልዑል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በግራ ዓይኔ የተተከለው ሰው ሠራሽ ኮርኒያ (ኮርኒያ ማለት የዓይን ፊት ላይ ያለው የጠራ ሽፋን፣ ብዙዎች ብሌን የምንለው ነው) ከከባድ ኢንፌክሽን ተርፎ ዛሬም እያየሁበት ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ በጸሎት፣ በስልክ፣ በመኪና፣ በእህል ውሃ ያልተለያችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ስለማልዘልቀው በዚህ ጽሑፍ ላመስግን።

የሕመሜን ነገር ለማታውቁ ባጭሩ ልናገር። በልጅነቴ የያዘኝ የዓይን በሽታ ኮርኒያዬን ጠባሳ አድርጎት አለፈ። አዲስ አበባ ሳለሁ ከኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በተገኘ ብሌን ንቅለ ተከላ ተደርጎልኝ ለዓመታት አይቼበታለሁ። በኋላ ግን ሰውነቴ አልቀበልም አለው። አሜሪካ መጥቼ በድጋሚ ቢተከልልኝም እሱም ደፈረሰ። እጅ ሲወዛወዝ ከመለየት በቀር የማየው አልነበረኝም። ሌላ ብሌን ቢተካም ያው እንደሚሆን ሐኪሞቼ ሲነግሩን የቀረን ሰው ሠራሹ ብቻ ነበር።

ይህን መሣሪያ ፕሮፌሰር ክሌስ ዶልማን እዚሁ ቦስተን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲደክሙበት ኖረው፣ በ1992 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስል የጠራ ፕላስቲክ ነው። ብቻውን ዓይን ላይ አይቀመጥም፤ ከሰው በተለገሰ ኮርኒያ መሐል ይገባና ያ ኮርኒያ ነው ከዓይኔ ጋር የሚሰፋው። ስለዚህ ፕላስቲክ ነው ብላችሁ ለጋሽ ያልነበረው እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባም በአሜሪካም፣ በሐዘናችሁ ቀን የምትወዱትን ሰው ዓይን ለማታውቁት ሰው የፈቀዳችሁ ቤተሰቦች፣ ስማችሁን ባላውቅም በጸሎቴ ሁልጊዜ አላችሁ።

ሐኪሜ ከቀዶ ጥገናው በፊት እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ መጀመሪያ የጠየቀችን «ጠብታውን ማን ያደርግላታል?» ብላ ነው። ፕላስቲክና ሥጋ ጨርሶ አይዋሃዱም፤ በመሐላቸው ለተህዋስያን መግቢያ የሚሆን ቀጭን ክፍተት ይኖራል። ቀድሞ በዚህ ምክንያት ብዙ ዓይን ጠፍቷል። ቫንኮማይሲን የሚባለው የአንቲባዮቲክ ጠብታ በየዕለቱ መደረግ ከጀመረ ወዲህ ነው አደጋው በጣም የቀነሰው። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ጠብታውም ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ሳትሸፍን በግልጽ ስለነገረችን ከልብ አመሰግናታለሁ።

ፋሻው ሲነሳ ደህና አየሁ። የባለቤቴ ጢም መሸበቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቆይቶ በሐኪም ቤቱ የፊደል ሰሌዳ ላይ 20/60 ድረስ አነበብኩ፤ ሁለተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን እይታው የተሻለ ነው።

ከዚያ ያ ምሽት መጣ። ጠብታው አንድም ቀን ሳይቋረጥ ዓይኔ ቀላ፣ ይወጋኝ ጀመር፣ የሳሎኑ መብራት በጭጋግ ተሸፈነብኝ። እኔ «ይነጋ» ብል ባለቤቴ እምቢ አለ። «መቅላት፣ ሕመም፣ የእይታ መቀነስ ካየህ በዚያው ቀን አምጣት» የተባለውን አልረሳውም ነበር፤ ጫማዬን ራሱ አጥልቆልኝ በሌሊት ነዳ። ተረኛዋ ሐኪም ከዓይኔ ውስጥ ፈሳሽ ቀድታ ለላቦራቶሪ ላከች፤ ውጤቱን ሳትጠብቅም አንቲባዮቲክ እዚያው ዓይኔ ውስጥ ወጋችኝ። እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ሬቲናን፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ የሚያበላሸው በሰዓታት ነው። እኔ የማላውቃት እህቴ፣ እጄን ይዘሽ «ልትጮሂ ትችያለሽ» ያልሽኝ ነርስ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ።

ዛሬ 20/100 ላይ ነኝ። ጤነኛ ዓይን ከመቶ ጫማ የሚያየውን እኔ ከሃያ ጫማ አያለሁ ማለት ነው። የነበረኝ ሁሉ አልተመለሰም፤ ግን ወጥ እሠራለሁ፣ ደረጃ እወርዳለሁ፣ ሰው በመልኩ እለያለሁ።

ልጄ፣ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ እጅሽን በሳሙና የምትታጠቢው፣ አንገቴን ደግፈሽ፣ የጠርሙሱ አፍ ቅንድቤን እንዳይነካ ትንፋሽሽን ይዘሽ የምታንጠባጥቢልኝ፣ ምን ብዬ ልመርቅሽ? እደጊልኝ፣ ተመንደጊልኝ። የጽዋ ማኅበርተኞቼ፣ ባለቤቴ ሌሊት ሲሠራ ተራ ገብታችሁ አድራችኋል። ቫንኮማይሲኑ ተዘጋጅቶ ከሱቅ የሚገዛ ሳይሆን የሚቀመም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚያድርና ጊዜው ቶሎ የሚያልፍበት ነው፤ የኢንሹራንሱ ወረቀት በዘገየ ጊዜ ጠርሙሱን ቀምሞ የሰጠን የፋርማሲው ወንድማችንም ውለታው አይረሳም።

የንስሐ አባቴን ለብቻ ማመስገን አለብኝ። ጠበል በዓይኔ እንዳይገባ ሐኪም ሲከለክለኝ ለአባቴ ለመናገር ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ጠጪው፣ ከአንገትሽ በታች ተጠመቂ፤ ሐኪሟንም የሰጠሽ እሱ ነው» አሉኝ። እማዬም ከአገር ቤት ስትደውል ይህንኑ ነግረው አሳመኑልኝ። ከእሳቸው አፍ ባይሰማ ኖሮ እናቴ እሺ የምትል አይመስለኝም።

አሁን የሚያሳስበን ግላኮማው፣ በዓይን ግፊት የተነሳ የእይታ ነርቭን የሚጎዳው በሽታ ነው። የዚህን ዓይን ግፊት በተለመደው መሣሪያ መለካት አይቻልም፤ ፊቱ ፕላስቲክ ነዋ። ሐኪሟ የዓይኔን ቆብ ከድና በሁለት ጣቶቿ ቀስ እያለች ዳስሳ ነው የምትገምተው። ቀጠሮዬ በቀረበ ቁጥር ስለምጨነቅ ጸሎታችሁ አይለየኝ።

ይህ ቀዶ ጥገና የታዘዘላችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ የታዘዘ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠብታውን እንዴት እንደምናደርግ፣ ዓይኑን ለመጠበቅ ከላዩ የሚደረገው ኮንታክት ሌንስ ወልቆ ሲጠፋ ለማን እንደምንደውል ልጄና እኔ እናሳያችኋለን።

ስማችሁን ሳልጠራ የቀረሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

እኅታችሁ፣ ከቦስተን