ጉዳዩ፦ «አብሽሩ፣ አንድም ፋይል አይጠፋም» ተብሎ ስለጠፋብን ፋይል

ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮምፒውተር ጥገናና ሽያጭ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ እንደመጣ፣ ስንት እንደከፈልኩና ለስንት ቀን ተብሎ ስንት ቀን እንደከረመ በመዝገባችሁ ስላለ አልደግመውም። ትናንት በስልክ «የትኛው ዲስክ?» ባልባል ኖሮ ይህንንም ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ዲስኩን እመለስበታለሁ። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ባንኮኒዎ ላይ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጨዋታ እኮ ዳታ አይደለም።»

ይህን ያለኝ ቴክኒሻንዎ ጥቅምት 21 ቀን ኮምፒውተሩን ሲረከበኝ «አብሽሩ ጋሼ፣ አንድም ፋይል አይጠፋም» ያለኝ ያው ሰው ነው። በቃል ብቻም አልቀረም፤ የደረሰኙ ጀርባ ላይ «ዳታ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል» ብሎ በእጁ ጽፎልኛል። ወሎ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ «አብሽሩ» የተባልኩበትን ነገር ደግሜ መጠየቅ ነውር ስለሚመስለኝ አመስግኜ ሄድኩ። ዛሬ ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።

የቅዳሜውን እንዳለ ልንገርዎ፤ እርስዎ አልነበሩምና። (አራት ጊዜ ተመላልሼ አንድም ቀን አላገኘሁዎትም።) ከኮምቦልቻ ከልጄ ጋር በጠዋት ተነሳን። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ሐረጎን ስንወጣ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት ምንም አይታይም ነበር፤ እሷም ወደ ውጭ ማየቱን ትታ የምትጠይቀውን በወረቀት ላይ ትጽፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ ወረቀቷን ይዛ «ጋሼ፣ አፕዳታን ገልብጣችሁት ነበር?» አለችው።

እሷን አላያትም። እኔን እያየ «ዴስክቶፑ፣ ዶክመንትሱ፣ ፎቶው፣ ሙዚቃው ሁሉ ተገልብጧል፤ ምን ቀረባችሁ?» አለኝ። «የእኔ እዚያ ውስጥ አይደለም፤ የተደበቀው ፎልደር ውስጥ ነው» አለችው። ሳቀ። ሳቁ አልበቃው ብሎ ከኋላ የነበረውን ባልደረባውን ጠርቶ «ስማ፣ የተደበቀ ፎልደር ትለኛለች» ብሎ አሳቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ዳታ አይደለም። ከፈለገች ጨዋታውን በነጻ እጭንላታለሁ። የባንክ ደብተር የጠፋባችሁ አስመሰላችሁት» አለ። ወረፋ የያዙት ሰዎችም ፈገግ አሉ። ልጄ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ኮምቦልቻ እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

ለመሆኑ የጠፋው ምንድን ነው? ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ውስጥ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሁለት ዓመት ሙሉ የገነቡት ከተማ ነው። ከተማውም ደሴ ነው። ፒያሳን ሠርተዋል፣ ሰኞ ገበያን ሠርተዋል፣ ጦሳን ከኋላ አቁመዋል። በጨዋታው አንድ ብሎክ እንደ አንድ ሜትር ስለሚቆጠር፣ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ሲሠሩ መስኮቶቹን እንድታስቆጥረኝ ሁለት ጊዜ ይዤያት ሄጃለሁ። ያ አዳራሽ ስሙን ያገኘው ማንም ሰው ስለማይጠየፍበት ነው ብለን ነው ለልጆቻችን የምንነግረው። እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ ባንኮኒ ላይ ጥያቄዋን ተጠይፈው ሲስቁባት ደግሞ አጠገቧ የቆምኩት እኔው ነኝ።

ለቴክኒሻንዎ ሙያውን ላስተምረው አይገባኝም፤ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ከልጄ የተማርኩትን ልጻፍልዎ። ዊንዶውስ ላይ ጨዋታዎች የተጫዋቹን ነገር የሚያስቀምጡበት አንድ የታወቀ ቦታ የላቸውም። የድሮዎቹ ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ይጽፉ ነበር። ቪስታ የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ከመጣ ወዲህ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እንደልብ መጻፍ ስለቀረ፣ ዊንዶውስ የእነሱን ጽሑፍ ቨርቹዋልስቶር ወደሚባል ጓዳ ያዞረዋል። በዚያው ዘመን ማይክሮሶፍት «ሴቭድ ጌምስ» የሚል ፎልደር ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ቢያዘጋጅም ብዙ ጨዋታ ሠሪዎች ዞር ብለው አላዩትም። አንዳንዱ ዶክመንትስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌላው አፕዳታ ውስጥ። አፕዳታ በተጠቃሚው ስም ሥር ያለ፣ ዊንዶውስ ሆን ብሎ የሚደብቀው ፎልደር ነው፤ ውስጡም ሎካል፣ ሎካልሎውና ሮሚንግ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ልጆቼ የሚጫወቱት፣ ጃቫ የሚባለው የማይንክራፍት ዓይነት፣ ያለው ሮሚንግ ውስጥ ነው፤ ስሙ በነጥብ የሚጀምር የራሱ ፎልደር አለው፣ በዚያ ሥር «ሴቭስ» የሚል አለ፣ የልጆቼ ደሴም እዚያ ነበረች። ፎልደሩን ለማየት የሚያስፈልገው በፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «የተደበቁትን አሳይ» የሚለውን አንዴ መጫን ብቻ ነው። አንዴ!

አሁን የሚገርመውን ልንገርዎ። የወንድሜ ልጅ ለእረፍት መጥቶ የተጫወታቸው ፔስ 2013 የሚባለው የእግር ኳስ ጨዋታና ሳን አንድሪያስ አንድም ነገር አልጎደለባቸውም። በፔስ ያስጀመረው ማስተር ሊግ የሚባለው ውድድር እንኳ ካቆመበት ጨዋታ ይቀጥላል፤ ማንም የማይፈልገው ማስተር ሊግ። ለምን ቢሉ ሁለቱም ጨዋታዎች የሚያስቀምጡት ዶክመንትስ ውስጥ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ጨዋታ ዳታ ካልሆነ ይህንን ለምን ገለበጠው? ዳታ የሆነውንና ያልሆነውን የለየ ሰው የለም፤ ያየውን ወሰደ፣ ያላየውን ተወ። ባንኮኒ ላይ የሰማሁት ፍልስፍና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ምልልሴ ደግሞ «በአካውንቷ ስትገባ ራሱ ይመለሳል፣ አሁን ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው» ተባልኩ፤ በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ተቀምጧል ማለታቸው ነው። አመንኩ። የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ፤ ግማሽ ሌሊት ተቀምጠን ጨዋታውን አወረድን፤ ልጆቹም እንቅልፍ እምቢ ብለው ጠበቁ። አካውንቱ ጨዋታውን መለሰ፣ ገጸ ባሕሪዋ የምትለብሰውን ልብስም መለሰ፤ የዓለማት (ልጆቹ የገነቧቸው ቦታዎች) ዝርዝሩ ግን ባዶ ነበር። የጃቫው ማይንክራፍት ለብቻ የሚጫወቱበትን ዓለም በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አያስቀምጥም፤ በኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር በክፍያ ካልተከራዩ በስተቀር። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መሸጫ በኩል የሚገዙ ብዙ ጨዋታዎች ፋይላቸው ክላውድ ላይ እንደሚቀመጥ እውነት ነው፤ ያም ቢሆን ሠሪው ከፈቀደ ነው፣ የእኛ ደግሞ ከስቲም የተገዛ አይደለም። «አላውቅም» ቢለኝ ኖሮ ጥቅሉም ሌሊቱም ይተርፈኝ ነበር።

አሁን ወደ ዲስኩ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ ገጠማችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን ስላበቃ ወደ 11 መሻገር እንዳለብን የነገራችሁን እናንተ ናችሁ፤ ፋይል ሳይነካ እዚያው ላይ ማሳደግም እንደሚቻል ግን አልነገራችሁንም። ይሁን። ዋናው ነገር አሮጌው ዲስክ ካልተነካ ልጆቼ የሠሩት ሁሉ ዛሬም እዚያው ላይ አለ ማለት ነው። ቅዳሜ ልንወጣ ስንል ይህን ብጠይቅ «መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሰኞ ደውለን እንመልስላችኋለን» ተባልኩ። ሰኞ የደወለ የለም። ማክሰኞ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት እኔ ደወልኩ፤ ቴክኒሻኑ ምሳ ላይ ነው ተባልኩ። በአራት ሰዓት! ረቡዕ ዕለት፣ ማለትም ትናንት፣ ራሱን አገኘሁት፤ «የትኛው ዲስክ?» አለኝ።

ከጀመርኩ አይቀር ሌላውንም ልበል። ሦስት ቀን የተባለው ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። የላክሁት ቻርጀር ሌላ ነው፣ የመጣልኝም ሌላ፤ ገመዱ ከጠረጴዛ ወደ ሶኬት አይደርስም። ከሥር ሁለት ብሎን ጎድሏል። በአማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራም ስላልተመለሰ ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር፣ በምሳ ሰዓቴ ነው (የእኔ ምሳ በ6 ሰዓት ነው)። ልጄ ክዳኑ ላይ በለጠፈችው ቢራቢሮ ላይ የእናንተ ተለጣፊ ተደርቦበታል። ስክሪኑ ሲከፈትም የድርጅታችሁ ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ይመጣል፤ ያ ቁጥር ሲደወልበት የማይነሳው ቁጥር ነው።

የምጠይቀው አንደኛ፣ አሮጌው ዲስክ ባለበት ሁኔታ እንዲመለስልኝ ነው። ፎርማት እንዳያደርጉት፣ ምንም እንዳይጭኑበት፣ «እስቲ እንየው» ብለውም እንዳይነካኩት አደራ እላለሁ። ፎርማት ቢደረግ እንኳ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ከእንዲህ ያለው ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከተጻፈበት በኋላ ግን ተስፋ የለውም። ሌላ ደንበኛ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባም ዛሬውኑ ኮምፒውተሩ ይዘጋና ዲስኩ ይውጣ፤ ለዚያ ደንበኛ የሚሆነውን ዲስክ እናንተ ግዙ። ሁለተኛ፣ ዳታ ለመገልበጥ ተብሎ የተቀበላችሁት ገንዘብ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉና የአራቱ ምልልስ የትራንስፖርት ወጪ ይመለስልኝ። ዲስኩን ብቻ ልጠይቅ ነበር የተነሳሁት፤ የትናንቱ ስልክ ነው ያስጨመረኝ። ሦስተኛ፣ ቴክኒሻንዎ ልጄን ይቅርታ ይጠይቅ። እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የተሳቀው በእኔ አይደለም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ወደዚያ ባንሄድ እመርጣለሁ፤ ሁላችንም የአንድ አገር ሰዎች ነን፣ ሠርግና ለቅሶ ያገናኘናል። እስከ ዓርብ ኅዳር 26 ቀን መልስ እጠብቃለሁ።

ልጄ ቅዳሜ አጥፋ ኪሷ የከተተችውን ወረቀት አያይዣለሁ። የፎልደሩ አድራሻ ከላይ እስከ ታች በእጇ ተጽፎበታል፤ አጭሩ መንገድ በመቶኛ ምልክቶች መካከል «አፕዳታ» ብሎ መጻፍ መሆኑንም ከሥሩ አስምራበታለች። ዲስኩ ሲገኝ ቴክኒሻንዎ በዲስኩ ላይ በሙሉው አድራሻ ቢፈልግ ያገኘዋል፤ አጭሩ መንገድ የሚወስደው በዚያን ጊዜ ወደተከፈተው ዊንዶውስ ነውና።

ከአክብሮት ጋር
ደረሰኙ በእጁ ያለው ደንበኛችሁ፣ ከኮምቦልቻ

አባሪ፦ አንድ ገጽ፣ የልጄ የእጅ ጽሑፍ
ግልባጭ፦ እስከ ኅዳር 26 ቀን ድረስ ለማንም አይላክም