እንጀራውን አትተዪው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የላክሽውን የላቦራቶሪ ወረቀት አየሁት። በባዶ ሆድ ስኳርሽ 112፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ 6.1 ይላል። ይህ ገና ስኳር በሽታ አይደለም። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው በሽታ የሚባለው፤ ከ100 በታች ቢሆን ደግሞ ጤነኛ ነሽ ይሉሽ ነበር። የሦስት ወሩም እንደዚሁ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ጅማሬ፣ ከ6.5 ወዲያ በሽታ። ከዚህ ላይ መመለስ ይቻላል። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። አመጋገባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትማ በ71 በመቶ። «ካረጀሁ በኋላ ምን ይለወጣል» እንዳትይኝ ነው ይህን መጻፌ።

ጎረቤቶች «እንጀራ ተዪ» ብለውሽ ዳቦ ስትበዪ መክረምሽን ሰማሁ። ይሄ ነገሩን ማባስ ነው። የፉርኖ ዱቄት ገለባው ወጥቶለታል፤ ሆድ ውስጥ ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል። ጤፍ ግን ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ነው የሚፈጨው። ስለዚህ እንጀራሽን ብዪ፣ ዱቄቱን ግን ጠይቂ፤ ነጣ እንዲል የፎገራ ሩዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ይቅርብሽ። የተፈተገ ሩዝ ከፉርኖ ዱቄት አይሻልም።

ልኩ ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ፣ ራት ላይ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ከመሶብ አብሮ ሲበላ ልክ የሚባል ነገር የለም፤ ይጨመራል፣ ይጎረሳል። ግማሹን ቀድመሽ ቆርጠሽ ፊትሽ አድርጊው፣ እሱ ሲያልቅ አለቀ። ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሰላጣውን በባዶው ጥቂት ጥቂት ቀምሰሽ እንጀራውን አስከትዪ። ቀድሞ የገባው አትክልትና ጥራጥሬ የእንጀራውን ስኳር ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። ምሳው ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለወጠ።

በጾም ቀን የሚያስቸግረው ድንች ወጥ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ በእንጀራ ነው። ይህ ዳቦን በዳቦ መብላት ነው። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ባቄላ ይሁንልሽ፤ ወጡ ወፈር፣ እንጀራው አነስ ይበል። ጾሙ በራሱ አይጎዳሽም፣ የስኳር ክኒን አልጀመርሽምና። (ከጀመርሽ ግን ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጹሚ፤ አንዳንዱ ክኒን ባዶ ሆድ ላይ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል።) ጥፋቱ ከቅዳሴ መልስ በራብ ተጣድፎ የሁለት ጊዜ ምግብ በአንዴ መብላት ላይ ነው። መጀመሪያ ውኃ ጠጪ፣ ቀጥሎ ትንሽ ንፍሮ፣ ከዚያ ምሳሽን።

አሁን ቡናው። ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ከጨመርሽ ስድስት ማንኪያ ስኳር ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ 24 ግራም ይሆናል። ማታ ደግሞ ሻይ አለ። በአንዴ ብታቆሚ ቡናው ያስጠላሻልና ሁለት ሳምንት በአንድ ማንኪያ፣ ሁለት ሳምንት በግማሽ፣ ከዚያ በባዶው። ጤና አዳም ጣል ብታደርጊበት ጎደሎው ብዙ አይታወቅሽም። ማር መድኃኒት ነው ብለሽ እንዳትተኪው፤ አንድ ማንኪያ ማር ከአንድ ማንኪያ ስኳር ያነሰ ስኳር የለውም። ለእንግዳ የሚከፈተው ለስላሳም ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 32 ግራም ገደማ ይይዛል፤ እሱን ለእንግዳው ተዪለት። የቡና ቁርስ ዳቦ መሆኑ ቀርቶ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሁን፤ ጥርስሽ እንቢ ካለ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ። በሶም ገብስ ነው ትዪኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የደቀቀ ዱቄት ከሙሉው ፍሬ ይልቅ ቶሎ ይፈጫል፣ ያውም በስኳር ነው የሚበጠበጠው።

አንድ ነገር ያሰጋኛል፤ ፈርተሽ ምግብ እንዳትቀንሺ። ከምግብ የመጣውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ በአንቺ ዕድሜ ደግሞ ጡንቻ ከተራበ ቶሎ ይሟሽሻል። ከ68 ኪሎሽ በስድስት ወር አራት ወይም አምስት ብትቀንሺ በቂ ነው። ከጾም ውጪ በቀን አንድ እንቁላል ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት አይጥፋ፤ በጾም ምስርና ሽምብራ ይተኩታል። ሳትሞክሪ ኪሎሽ ከወረደ፣ ውኃ ጥም ከበዛብሽ፣ ሌሊት ለሽንት መነሣቱ ካየለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

እግር ጉዞው ከምሳ በኋላ ይሻላል፤ ያኔ ነው ስኳሩ ከፍ የሚለው። ለመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ፣ ኋላ ሠላሳ፣ በሳምንት አምስት ቀን። የፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ስለሆነ በዝግታ አንድ ዙር ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሁለት ዙር የቀንሽ ድርሻ ነው። ከጎረቤት ጋር እየተጫወትሽ፣ ግን ትንፋሽሽ ትንሽ ፈጠን እስኪል። የጎንደር ቁልቁለት ጉልበት ይጎዳልና ሜዳ ሜዳውን ያዢ። ክረምት ጭቃው ሲበዛ በረንዳ ላይ ተመላለሺ። በተጨማሪ ጠዋትና ማታ ከወንበር እጅሽን ሳትደገፊ አሥር ጊዜ ተነሺ ተቀመጪ፤ ጉልበትሽ ካመመሽ ከፍ ያለ ወንበር ምረጪ። በርጩማው አይሆንም።

ለጉልበትሽ መርፌ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ከታዘዘልሽ ስኳርሽ መጀመሩን ለሐኪሙ ንገሪው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ።

የሚቀጥለው ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሦስት ወሩ ቁጥር ለውጡን በሙሉ አያሳይም። በዋዜማው ራትሽን ብዪና ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳትቀምሺ ሂጂ። ውኃ ይፈቀዳል፤ «አንዲት ሲኒ ቡና ምን ታመጣለች» ግን አይሠራም። ከጣት የሚወስዱልሽ ከሆነ እጅሽን ታጠቢና አድርቂው፤ ጣት ላይ የቀረ የብርቱካን ጭማቂ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጎን አስቀምጠሽ በፎቶ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ