አሰልጣኝ ቀጠርሽ አሉኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በደብዳቤዎች ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ «ኮቺንግ የሚባለው ነገር ገንዘብ ከፍሎ መመከር ነው ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። እኔ ስድስት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ፤ ያየሁትን ልንገራቸው።

በአንድ የግል ሆስፒታል የፋርማሲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሰባት ሰዎች ከሥሬ አሉ። ዓመት ሙሉ ግን የሰባቱንም ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ስቶር ገብቼ ቢን ካርድ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ) እያገላበጥኩ መድኃኒት እቆጥራለሁ። ቤት ስደርስ ልጆቼ ተኝተዋል። አለቃዬ ይህን አይቶ «ኮች ይያዝልሽ፣ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል» አለኝ። ወንድሜ ሲሰማ «አሰልጣኝ ቀጠርሽ? ለየትኛው ክለብ ልትጫወቺ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ደግሞ «ለማውራት ይከፈላል እንዴ? ቡና አፍልተሽ ጎረቤት አትጠሪም?» አለች።

መጀመሪያ ከኮቿ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ትውውቅ አለ። እኔን ለዚያ አላስከፈሉኝም። ስንት ጊዜ እንደምንገናኝ፣ አንዱ ቀጠሮ አንድ ሰዓት እንደሆነ፣ ለመቅረት ከአንድ ቀን በፊት መናገር እንዳለብኝ ተስማማን። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። «የምናገረው ሁሉ አለቃዬ ጋ ይደርሳል?» አልኳት። አለቃዬ የሚያውቀው መገኘቴንና ሦስታችን የተስማማንበትን ግብ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። በወረቀት ይስፈር አልኩ፤ ሰፈረ። መሥሪያ ቤት ከፍሎላችሁ የምትገቡ፣ ይህን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ።

ቢሮዋ 22 አካባቢ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ አሥር ዓመት ሳታንስ አትቀርም፤ «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግረኝ። ስልኳን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «ዛሬ ከዚህ ሲወጡ ምን ይዘው ቢወጡ ነው ጊዜዬ አልባከነም የሚሉት?» አለችኝ።

«ሠራተኞቼን እንዴት እንደማሠራቸው ንገሪኝ» አልኳት።

አልነገረችኝም። «እስቲ እንዴት ነው አሁን የሚሠሩት?» አለች። ጀመርኩ። አንዱ ያረፍዳል። አንዷ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ሳታይ ትደረድራለች። ሌላው ሲነግሩት ያኮርፋል። ሃያ ደቂቃ ሳወራ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «እስካሁን ስለ አምስት ሰዎች ነገሩኝ። እርስዎስ?» አለችና ዝም አለች።

ያ ዝምታ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ከታች የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። እኛ አገር ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ዝም ያለ ሰው ወይ ተቆጥቷል ወይ ተቀይሟል። እኔም አንድ ነገር ብዬ ልገላገል ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እነሱ ከቻሉት እኔ ምን እሠራለሁ ታዲያ?» የሚል ነበር። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ደነገጥኩ።

ከእናቴ ቡና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ነገሬን ሳልጨርስ «እኔ ብሆን» ይላል። የንስሐ አባቴ ቀኖና ይሰጡኛል። እሷ ምንም አልሰጠችኝም። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን ተናድጄ ነው የወጣሁት።

በኋላ ሳነብ ጥያቄዎቿ እንዲያው የመጡ እንዳልሆኑ ገባኝ። ግሮው የሚባል አካሄድ አለ። ግብህ ምንድን ነው፣ አሁን ያለህበት ሁኔታ ምን ይመስላል፣ ምን አማራጭ አለህ፣ የትኛውን ቆርጠህ ታደርጋለህ እያለ ይሄዳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ እነ ሰር ጆን ዊትሞር ናቸው ያስፋፉት። ዊትሞር የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው። መነሻው ደግሞ ቲሞቲ ጋልዌይ የሚባል አሜሪካዊ የቴኒስ አሰልጣኝ ነው። ክንድህን እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አድርግ ከማለት ይልቅ ተጫዋቹ ኳሷ ስትነጥርና ስትመታ ልብ እንዲል ብቻ ይነግረዋል። ትእዛዙ ሲቀንስ ጨዋታው ይሻሻላል። ወንድሜ ሳያውቅ ልክ ነበር፤ ነገሩ የመጣው ከሜዳ ነው!

ከዚህ በፊት 1,500 ብር ከፍዬ አንድ አዳራሽ ገብቼ ነበር። የማላውቃትን ሴት እጅ አስይዘውን «እችላለሁ!» እያልን ጮኸን። ማታ ተመልሼ ስቶር ነበርኩ። ያ ኮቺንግ አይደለም። ኮች ነኝ የሚላችሁን ስንት ሰዓት ሠርተሃል ብላችሁ ጠይቁት፤ ነውር የለውም። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ እንኳ ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት ሰው ማናገር ይጠይቃል። ለከፍተኛው ሰው የማናገሩ ሰዓት 2,500 ነው። ኮቾች ሐኪምም አይደሉም። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ እንቅልፍ ካጣሁ ወራት እንደሆነኝ ስነግራት «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ሳያይዎት አንቀጥልም» አለችኝ። ይህን ወድጄላታለሁ።

እያንዳንዱ ቀጠሮ የሚያልቀው «እስከምንገናኝ ምን ያደርጋሉ?» በሚል ጥያቄ ነው። የቤት ሥራውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እኔ የወር መጨረሻውን ቆጠራ ያ የሚያኮርፈው ልጅ ብቻውን እንዲሠራ መረጥኩ። ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። የመጀመሪያውን አላነሳሁም፤ እጄ ስልኩ ላይ ነበር። ቆጠራው ልክ መጣ።

በሁለተኛው ወር ግን አልቻልኩም። እሱ ጨርሶ ከሄደ በኋላ ማታ ተመልሼ ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ባትሪ እያበራሁ እንደገና ቆጠርኩ። አንድም ፍሬ አልጎደለም።

ለኮቿ አፍሬ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ጎድሎ ቢያገኙት ኖሮ ደስ ይልዎት ነበር?» አለችኝ።

መልሱን ለእሷ ነግሬያታለሁ። ጋዜጣ ላይ ግን አልጽፈውም፤ ልጁ የእናንተ አንባቢ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋርማሲስቷ፣ ከአዲስ አበባ