«ማደሪያን ጨምሮ» ሲባል የት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሐረር ተወልጄ ያደግኩ አስጎብኚ ነኝ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከምቀበላቸው እንግዶች አብዛኞቹ ፈረንጆች አይደሉም። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ በትልቅ ባስ የሚመጡ የኛው ልጆች ናቸው። ተማሪ አለ፣ አዲስ ተመራቂ አለ፣ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አለ። በቴሌግራም ይመዘገባሉ፣ በቴሌብር ይከፍላሉ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይሳፈራሉ። ይህን ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከመሀል አገር ወደዚህ የሚመጣው ሰው ወይ ለቁልቢ ነበር፣ ወይ ለዘመድ ጥየቃ፣ ወይ ለንግድ። ጀጎልን ብቻ ብሎ የሚመጣ ወጣት አላስታውስም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ቃል ነው። የጉዞ ማስታወቂያዎቹን ተመልከቱ። ስለ ባሱ ብዙ ይባላል፤ ወንበሩ፣ ኤሲው፣ ስልክ መሙያው። ምሳው ምን እንደሆነ ይነገራል። ፎቶ አንሺ እንዳለ ይነገራል። ስለ መኝታው ግን «ማደሪያን ጨምሮ» ተብሎ ይታለፋል። የት? በአንድ ክፍል ስንት ሰው? አልጋው ለየብቻ ነው ወይስ በጋራ? ሻወር አለው? ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይናገርም።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ 17 ምሽት 43 ወጣቶች የያዘ ባስ እየጠበቅኩ ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ዘግይተው ሐረር ሸዋ በር ሲደርሱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጅቡን ትርዒት አልደረሱበትም። እሱስ ይሁን፣ በማግስቱ ይታያል። ጉዞውን ያዘጋጀው ልጅ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ 20 አልጋ በስልክ ይዞ ነበር። ቀብድ ግን አልከፈለም። ከታኅሣሥ 19 በፊት ያሉት ቀናት ደግሞ እዚህ ምን እንደሚመስሉ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ድሬዳዋንም ሐረርንም ያጥለቀልቃል። ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ አልጋውን ወሰደ። ከ20ው የቀሩት 7 ናቸው።

ሰባቱም ባለ አንድ አልጋ ክፍሎች ናቸው። ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲያድሩባቸው ተፈቀደ፤ 14ቱ ገቡ። ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ ግን የቤቱ ደንብ አይፈቅድም ተባለ። ይህ ደንብ በብዙ አልጋ ቤት ያለ ነው። በቡድን ለሚመጡ ወንዶች ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ግን አስቡት። ወይ ለእያንዳንዳቸው ክፍል ይያዝላቸዋል፣ ያኔ ዋጋው ይንራል፤ ወይ ሁለትና ሦስት የተለያየ አልጋ ያለው ክፍል ይገኛል። እንዲህ ያለ ክፍል ደግሞ በከተማችን በጣት የሚቆጠር ነው።

ስልክ መደወል ጀመርን። «ሞልቷል»፣ «ሞልቷል»፣ «ነገ ጠዋት ሞክሩ»። ዘጠኝ ሴቶች ሻንጣቸውን ታቅፈው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። አንዷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለእናቷ «አዎ ደርሰናል፣ ሆቴል ገብተናል» ስትል ሰማሁ። እናቷን እንዳታሳስብ ብላ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ዘጠኙን ይዤ ወደ ጀጎል ገባሁ። የእናቴ የልብ ወዳጅ የሆኑ አንዲት የሐረሪ እናት አሉ። በሩን ከፍተው ሲያዩን መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጆቹ በልተዋል?» ብለው ነው። ማን እንደሆኑ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ የጠየቁት ኋላ ነው።

የሐረሪን ቤት ያላያችሁ ካላችሁ፣ ጌ ጋር ይባላል። ወንበርና አልጋ አይደለም ያለው። ወለሉ ራሱ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል። አምስት ነደባ አለው። እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ሰው አለው። ጊዲር ነደባው ሰፊው ነው፤ እዚያ ፍራሽ ተነጥፎ አራቱ ተኙ። ሦስቱ ጥት ነደባው ላይ ሆኑ። ሁለት ሲቀሩ እማማ፣ አሚር ነደባ የሚባለውን አሳዩን። የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው። «እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ባዶውን ነው፤ ይተኙበት» አሉ። ልጆቹ ነገሩ ስለገባቸው ለአፍታ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው ወጡበት።

ጠዋት ስመለስ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ፍል ማለት ነው፣ በወተት እየጠጡ አገኘኋቸው። ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ስፌት እማማን በጥያቄ አጣድፈዋቸዋል። ከዚያ በኋላ እስከዛሬ መልእክት የሚልኩልኝ ስለዚያ ቤት ነው። ስለ ጅቡ አንዲትም አልጻፈችልኝም።

ሃያዎቹ ወንዶች ባስ ውስጥ አደሩ። ከእነሱ ጋር ሹፌሩና ረዳቱም አደሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የሹፌር አልጋ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚታሰብ ነገር ነው። ሂሳብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረውም እሱ ነው። ይህ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ነው የመጣው። መቀመጫው ላይ ተደግፎ፣ ሃያ ልጅ እያወራ እየሳቀ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ላብ እያላበው አነጋ። በማግስቱ ከሰዓት ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። የደንገጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥምዝ በጥምዝ ነው፣ ከታች ገደል ነው። ሰውየው ዓይኑን ሲያሽ አየሁት። አንዴ የሃይላንድ ውሃ ፊቱ ላይ አፈሰሰ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ አፌን አልዘጋሁም፤ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ኳስ ጠየቅኩት፣ ያወቅኩትንም ያላወቅኩትንም አወራሁ። ከኋላ ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር። በሰላም ደረስን፣ ተመስገን። ግን በሰላም መድረሳችን የአዘጋጁ ሥራ አልነበረም።

ርካሽ ጉዞ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ወጣት በርካሽ መጓዝ አለበት። ገንዘብ እስኪያጠራቅም ቢጠብቅ አገሩን ሳያይ ትዳርና ሥራ ይይዘዋል። በርካሽ ማደርም ውርደት አይደለም። እ.አ.አ በ1909 ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዛቸው። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ጭድ አንጥፈው አደሩ። ትምህርት ቤቶች በእረፍት ጊዜ ለምን ባዶ ይሆናሉ ብሎ ያሰበው ያን ሌሊት ነው። በ1912 አልቴና በሚባል ከተማ፣ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ዛሬ ሆስቴል የምንለው ነገር ከዚያ ነው የተነሳው። ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ ሻወር፣ ንጹሕ አንሶላ። ሌላ ምንም የለውም፤ ግን ገና ከቤትህ ሳትወጣ ታውቀዋለህ።

ዋናው ነገር ይኸው ማወቁ ነው። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ብቻ ይዞ የሚዞረው ኮንቲኪ የሚባል የባስ ጉዞ ድርጅት እ.አ.አ ከ1962 ጀምሮ አለ። በእንዲህ ያለ ጉዞ ክፍሉ ለሁለት ይሁን ለአራት አስቀድሞ ይነገራል። ብቻዬን ልተኛ ያለ ይጨምራል። የጋራውን የመረጠ ደግሞ የጋራ እንደሆነ አውቆ ይመጣል፣ አያኮርፍም። ከዓመታት በፊት አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ወጣት ፈረንጆች ሐረር ሲመጡ ሆቴል ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አይቻለሁ። መሬት ላይ ነው የተኙት፤ ሲያጉረመርሙ ግን አልሰማሁም። ድንኳን እንደሚሆን ከመነሻቸው ያውቁ ነበር።

የአልጋ ቤቶቹንም ሐቅ ልናገር። ያን ሌሊት በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን አንድ ወገን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም። 20 ክፍል ዘግተው የጠበቁት ባስ ሳይመጣ የቀረበትን ቀንም አይቻለሁ። አዘጋጁ ተመዝጋቢ ጎደለኝ ብሎ ስልኩን ያጠፋል። ባለቤቱ ያን ሌሊት የከሰረውን ማን ይከፍለዋል? ስለዚህ ቀብድ ይከፈል። ግማሹ ይሁን፣ ሲሶው ይሁን፣ ደረሰኝ ይኑረው። ደረሰኝ የቆረጠ ቤት አልጋውን ለሌላ ሲሰጥ ቢያንስ የሚጠየቅበት ወረቀት አለ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልገን ባለ ኮከብ ሆቴል አይደለም። አራትና ስድስት የተለያየ አልጋ ያለው፣ ለሴት ለብቻ ለወንድ ለብቻ የሆነ፣ ዋጋው በሰው የሚቆጠር ክፍል ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው። መጸዳጃ ቤቱ መብራት ይኑረው። እኔ ለቡድን አልጋ ሳይ መጀመሪያ ፍራሹን ገልብጬ ስፌቱን ነው የማየው፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሮቶውን አንኳኳለሁ። ሐረር ከሐሮማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ በቧንቧ ሽቅብ መጣላት። አሁንም ውሃ በፈረቃ ነው። 40 ሰው አንድ ማታ ታጥቦ አንድ ሮቶ ቢጨርስ የሚገርም አይደለም። ይህን ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር ደግ ነው፤ በባልዲ መታጠብ አይከብዳቸውም።

ድሬዳዋ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። እዚያ ሙቅ ውሃ የሚጠይቅ የለም። ቬንትሌተሩ ይሠራል ወይ? አጎበር አለ ወይ? በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን እንዴት እንዳስተኛት አንረሳም። ከዚያ በፊት ደንጊም ገብቶ ነበር። እነዚህን የሚያስተላልፈው ትንኝ ቀን የሚናከስ ነው፤ የተከማቸ ውሃም ይወዳል። ክዳን የሌለው በርሜል ግቢው ውስጥ ካያችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

አንዳንድ አዘጋጆች ሐረር ሲሞላ ድሬዳዋ አሳድረው ሐረርን በግማሽ ቀን ያሳያሉ። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይቻላል። እኔ ግን ቅር ይለኛል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ለፎቶ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለሚኖርበት ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ። የንጋት አዛን ከአንዱ ተነስቶ ወደሌላው ሲዛመት፣ በጠባቡ መንገድ ዳቦ ሲሸት፣ ቆሎና በርበሬ የያዙ ሴቶች በኤረር በር ሲገቡ ለማየት እዚያው ማደር ያስፈልጋል።

ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች ዛሬም አሉ። እያንዳንዱ ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው። ታዲያ 43 ሰው ለምን ለስድስት ለሰባት ቤት አይከፋፈልም? ቤቶቹ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ናቸው። ባሱ ውጭ ይቆማል፣ አስጎብኚው ጠዋት እየዞረ ይሰበስባል። ገንዘቡም እንጀራ ለሚጋግሩት፣ ስፌት ለሚሰፉት እናቶች ይገባል። የባህልና ቱሪዝም ቢሮው የቤቶቹን ዝርዝር፣ የሚይዙትን ሰው ብዛትና ዋጋቸውን አንድ ገጽ ላይ አውጥቶ ቢለጥፍ እኛ አስጎብኚዎች ቀሪውን እናስተባብራለን። ልጆቹም የሚጠበቅባቸው አለ። የሰው ቤት ነው። ጫማ ይወለቃል፣ መጠጥ አይገባም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ አይሰማም። ይህም አስቀድሞ ይነገራቸው።

ለሐምሌው ቁልቢ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ሐምሌ 19 ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጥበቃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ሰፋፊ ክፍል አለው። ፍራሽና አንሶላ ተከራይቶ፣ ለትምህርት ቤቱ መጠነኛ ክፍያ ተሰጥቶ ቢፈቀድ ስንት ልጅ ከባስ ወንበር ይድናል።

ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የማደሪያውን ስም ጠይቁ። ስሙን ሲነግሯችሁ ደውሉለት፤ «በእገሌ ስም ለዚህ ቀን ስንት አልጋ ተይዟል? ቀብድ ተከፍሏል?» በሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሹፌሩ የት እንደሚያድርም ጠይቁ። ማፈር ካለ አዘጋጆቹ ይፈሩ፣ እናንተ አትፈሩ።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ልመና አለኝ። የጉዞ ማስታወቂያ ስትቀበሉ የማደሪያው ስም የተጻፈበት መሆኑን እዩልኝ። አሁን ኅዳር ነው። የታኅሣሡ ማስታወቂያ ከሰሞኑ መውጣት ይጀምራል። እማማም ትናንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ እንዳሰጧቸው ነግረውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ሐረር