ብሩልን በዊግ ብቻ አትሸኙት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሳክሶኒው (ዛሬ የጀርመን ክፍል ናት) ሚኒስትር ስለ ሃይንሪሽ ፎን ብሩል ያወጣችሁትን በደስታ አነበብኩ። ግን ስለ ዊጉ (ሰው ሠራሽ ጸጉሩ) እና ስለ ካባው ብቻ አውርታችሁ ሸኛችሁት። ትንሽ ልጨምር።

ብሩል የተወለደው በ1700 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቤተ መንግሥት የገባው በብላቴናነት ነው። በ1733 ጌታው፣ የሳክሶኒ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውግስጦስ፣ ዋርሶ ላይ ሲሞት፣ የፖላንድን ዘውድ ይዞ ለልጁ አደረሰ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! አዲሱ ንጉሥ ሥዕልና አደን እንጂ የመንግሥት ወረቀት አይወድም። በ1746 ብሩል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የረሳችሁት ትልቁ ነገር ግን የገበታ ዕቃው ነው። የሳክሶኒው ማይሰን ፋብሪካ ከ1737 እስከ 1742 የሠራለት ፖርሴሊን (ስስ ነጭ የሸክላ ዕቃ) ከሁለት ሺህ ቁራጭ በላይ ነው። የአንዱን ሳህን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ወለሉ እንደ ዛጎል የተሸነሸነ ነው። ስዋን የሚባሉት አንገተ ረጅም ወፎች በደንገል መሃል ይዋኛሉ፤ በቀለም ሳይሆን ነጭ በነጭ፣ ብቅ ብለው የተቀረጹ። እዚያ ላይ ሾርባ ማፍሰስ እንዴት ይጨክናል?

ስለ ሳክሶኒ ጦር መዳከም ባላችሁት ከእናንተ ጋር ነኝ። ለድግስ የተገኘው ገንዘብ ለወታደር ጠፋ። በ1756 የጎረቤቷ የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ሲወር የሳክሶኒ ጦር ፒርና ከተማ አጠገብ ተከቦ እጁን ሰጠ። ፍሪድሪሽም ቂመኛ ነበር፤ በ1758 የብሩልን የፕፎርተን ቤተ መንግሥት አስቃጠለ።

አንድ እርማት፦ በሳክሶኒ ዋና ከተማ በድሬዝደን ያለው የብሩል ሰገነት እንዳላችሁት በእሱ ዘመን የሕዝብ መናፈሻ አልነበረም፤ የግል አትክልት ቦታው ነበር። ለሕዝብ የተከፈተው በ1814 ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ